ልጄ «የውሻ ዓመት» የሚል መጽሐፍ ይዛ መጣች

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው። ክፍሏ ውስጥ በጣም የምትወዳት ጓደኛ አለቻት፣ ቤተሰቦቿ ከታይዋን የመጡ ናቸው። ባለፈው ሳምንት ከሷ ተውሳ አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች፣ ስሙ ሲተረጎም «የውሻ ዓመት» ነው። እናቴ እኛ ጋ ነች፣ ስሙን ስነግራት አማተበች፣ እኔም ደስ አላለኝም። ልጅቷ ግን በ3 ቀን ጨርሳው እራት እየበላን «እማ፣ የኛ ዓመትስ ዘንድሮ የማን ነው?» አለችኝ፣ ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። ጭንቀቴ ምን መሰለሽ፣ አማርኛ ትሰማለች ግን ለማውራት ታፍራለች፣ የአበሻ ልጆች «ፈረንጅ» ይሏታል፣ ትምህርት ቤት ደሞ ከየት ነሽ ይሏታል፣ አሁን በዚ ላይ የሌላ ሀገር ባህል ተጨምሮ ከሁለት ያጣች ጎመን እንዳትሆንብኝ ፈራሁ። ላስቁማት ወይስ ልተዋት?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ የኔ እህት፣ እባክሽ አታስቁሚያት። እንደውም መጽሐፉ ሳይመለስ አንቺም አንብቢው፣ ሁለት ማታ ቢፈጅብሽ ነው፣ ለልጆች የተጻፈ ስለሆነ እንግሊዝኛው ቀላል ነው።

በመጀመሪያ የእናትሽን ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም እውነታቸውን ነው፣ እኛ ጋ ውሻ ማለት ስድብ ነው። እነሱ ጋ ግን ዓመቱ በ12 እንስሳት ይዞራል፣ ከአይጥ ይጀምርና በሬ ነብር እያለ ሄዶ ውሻ ጋ ይደርሳል፣ በአሳማ ያልቅና እንደገና ከአይጥ ይጀምራል። ውሻ ታማኝ ስለሆነ የሱ ዓመት የጓደኛና የቤተሰብ ዓመት ተደርጎ ይታያል። መጽሐፉ ራሱ የወጣው በፈረንጆቹ 2006 ነው፣ ያም የውሻ ዓመት ነበር። እና ልጅሽ ለጠየቀችሽ መልስ አለን እኮ! እኛም ዓመቱን በስም ነው የምንጠራው፣ ዘመነ ማቴዎስ፣ ዘመነ ማርቆስ፣ ዘመነ ሉቃስ፣ ዘመነ ዮሐንስ እያልን በ4 እናዞረዋለን፣ ጳጉሜም 6 ቀን የምትሆነው በሉቃስ ማብቂያ ነው። ጥያቄውን ወደ አያቷ ላኪው። እናትሽ ካንቺም ከኔም በተሻለ ይነግሯታል፣ አያትና የልጅ ልጅም የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ።

አሁን ወደ መጽሐፉ። ደራሲዋ ግሬስ ሊን ትባላለች፣ ወላጆቿ ከታይዋን የሄዱ ናቸው፣ እሷ ያደገችው ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ከትልቁ ከተማ ራቅ ያለች ኒው ሃርትፎርድ የምትባል ትንሽ ቦታ ነው፣ ታሪኩንም የጻፈችው ከራሷ ልጅነት ተነስታ ነው። ባለታሪኳ ቤት ውስጥ ፔሲ ነች፣ ትምህርት ቤት ግን ግሬስ። ይሄ ላንቺ አዲስ አይደለም፣ ስንቱ ልጃችን ነው ቤት በአንድ ስም ትምህርት ቤት በሌላ ስም የሚጠራው። ፔሲ ሊሲና ኪኪ የሚባሉ እህቶች አሏት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን እሷንና እህቷን የሚመስል ሌላ ልጅ የለም።

አንድ ቀን ምሳ ለመውሰድ ሰልፍ ላይ ቆማለች፣ ምግብ የምታድለው ሴትዮ «አንቺ አሁን ወስደሽ የለም እንዴ?» ትላታለች። ልጅቷ ግራ ይገባታል፣ ገና መድረሷ ነዋ! ነገሩ ግን ያን ቀን ሜሎዲ የምትባል አዲስ ልጅ ገብታለች፣ የሷም ወላጆች ከታይዋን ናቸው፣ ሴትዮዋ ሁለቱን መለየት አቅቷት ነው። ደራሲዋ እዚህ ጋ የዘረኝነት ትምህርት ልስጥ አትልም፣ ሁለቱ ልጆች የልብ ጓደኛ ይሆናሉ በቃ። ግን ያቺ የሰልፍ ቦታ ከኔ ጭንቅላት አልወጣችም፣ ምክንያቱም አንድ ልጅ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት የሚያውቀው እንደዚ ባለ ትንሽ ነገር ነው፣ ማንም ክፉ ሳይሆን።

ከዛ ደሞ የቲያትሩ አለ። ትምህርት ቤቱ «የኦዝ ጠንቋይ»ን ሊሠራ ነው፣ ፔሲ የቲያትሩን ዋና ባለታሪክ ዶሮቲን ሆና ለመጫወት ቋምጣለች፣ አንዷ ልጅ ታዲያ ዶሮቲ እኮ ቻይና አይደለችም ትላታለች። ልጅቷ ክፋት አስባ አይደለም የተናገረችው፣ ዝም ብላ የምታውቀውን ነው ያለችው። ፔሲ ግን እዛው ላይ ሟሟች፣ በኋላም በቲያትሩ ውስጥ ካሉት የመንደር ትንንሽ ሰዎች አንዷ ሆና ነው የወጣችው። ልጅሽ ይሄን አንብባ ዝም ካለች እንዲሁ አትለፊው፣ ምናልባት የራሷ ዶሮቲ ይኖራታል።

አንቺን በጣም የሚነካሽ ግን ካምፑ ነው ብዬ አስባለሁ። ቤተሰቡ አሜሪካ ያሉ ታይዋኖች ተሰብስበው ወደሚገናኙበት ካምፕ ይሄዳሉ፣ ፔሲ እዛስ እንደኔ ያሉ ልጆች አሉ ብላ ነው የምትሄደው። እዛ ያሉት ልጆች የወላጆቿን ቋንቋ እንደማትችል ሲያውቁ «ትዊንኪ» ይሏታል። ትዊንኪ ከውጭ ቢጫ የሆነ ውስጡ ነጭ ክሬም ያለው ኬክ ነው፣ መልክሽ የኛ ነው ውስጥሽ ግን የነጭ ነው ማለታቸው ነው። ታያለሽ አይደል? ያንቺን ልጅ «ፈረንጅ» የሚሏት እኮ ይሄው ነው፣ ቃል በቃል። ከውጭ ሰው የመጣውን ችላ ትዪዋለሽ፣ ከራስ ወገን ሲመጣ ነው አጥንት የሚሰብረው። እና ልጅሽ ይሄን መጽሐፍ በ3 ቀን የጨረሰችው የታይዋን ባህል አጓጉቷት ብቻ አይመስለኝም፣ እኔን የመሰለ ሰው አገኘሁ ብላ ነው። ከአማርኛዋ አያርቃትም፣ እንደውም አፍራ የደበቀችውን ነገር የምትናገርበት ቃል ይሰጣታል።

ሌላም ልንገርሽ፣ መጽሐፉን ያቆመው ምን መሰለሽ፣ የእናትየዋ ወሬ ነው። በየመሃሉ ልጅቷ አንድ ነገር ያጋጥማትና ታኮርፋለች ወይ ትከፋለች፣ እናትየው «እኔ ትንሽ ሆኜ ታይዋን እያለሁ» ብላ ትጀምራለች፣ ወሬው ያልቅና ወደ ኑሮ ይመለሳሉ። ምክር አትሰጥም፣ ታወራለች። አንቺም እንደዛ አድርጊ፣ ማታ ማታ ተራ በተራ አንድ አንድ ምዕራፍ አንብቡ፣ የፔሲ እናት አውርታ ስትጨርስ ያንቺ ተራ ይሁን፣ ያንቺን በአማርኛ አውሪላት፣ ያልገባትን ትጠይቅሽ፣ በእንግሊዝኛ ብትመልስልሽም አትቆጫት። አማርኛሽን ካላስተካከልሽ አላወራሽም ብለን ስንት ልጅ ዝም እንዳሰኘን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ በራሴ እህት ቤት።

ከወደደችው «የአይጥ ዓመት» የሚለው ቀጣዩ በ2008 ወጥቷል፣ እሱ ትንሽ ያማል። ሜሎዲ ከከተማው ትሄዳለች፣ አዲስ ልጅ ከታይዋን ይመጣል፣ እንግሊዝኛው ደካማ ስለሆነ ይስቁበታል፣ ፔሲም ከሱ ጋር እንዳይቆጥሯት ብላ ትርቀዋለች። ስንት ልጅ እንዲ እንዳደረገ፣ ስንት ልጅም እንደተደረገበት ታውቂያለሽ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ልትወስጃት ካሰብሽ ደሞ ሦስተኛውን አስቀድሚላት፣ 2012 ላይ የወጣ ነው፣ ስለ ዳምፕሊንግ ነው ርዕሱ፣ በስሱ በተዳመጠ ሊጥ ስጋ ወይ አትክልት ተጠቅልሎ የሚበስለው። ቤተሰቡ ለአያትየዋ 60ኛ ልደት ታይዋን ይሄዳል፣ ፔሲ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሁሉ እሷን በሚመስልበት ከተማ ትሄዳለች፣ ግን ሰው ሁሉ ሲያወራት አይገባትም። አሜሪካ መልኳ ለየት አደረጋት፣ ታይዋን አፏ። ልጅሽ ቦሌ ስትወርድ የሚጠብቃት ይሄ ነው፣ ቀድማ ብታነበው ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ6ኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ፣ አዲስ አበባ። ለትምህርት ቤታችን ላይብረሪ በስጦታ ከመጡ መጻሕፍት ውስጥ ስለ ታይዋን አሜሪካውያን ልጆች የሚያወሩ አሉበት። ተማሪዎቼ «ታይዋንና ቻይና አንድ አይደሉም ወይ?» ብለው ያዙኝ። ደግሞ ማንበብ የማይወዱ ልጆች አሉኝ፣ ለነሱ የሚሆን ካለ ጠቁሚኝ።
መምህር

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄው መጽሐፎቹ ውስጥ ያሉት ልጆችም የሚያስቸግራቸው ስለሆነ ተማሪዎችዎ ጥሩ ቦታ ነው የያዙዎት። ባጭሩ ታይዋን 23 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ያላት ደሴት ነች። በፈረንጆቹ ከ1895 እስከ 1945 በጃፓን ሥር ነበረች፣ በ1949 በቻይናው የእርስ በርስ ጦርነት የተሸነፈው መንግሥት ወደዛ ተሻገረ፣ ቤይጂንግ ያለው የቻይና መንግሥት ግን እስከዛሬ ታይዋን የኔ ነች ይላል። በደሴቷ የማርሻል ሕግ፣ ማለትም ወታደራዊ አገዛዝ፣ እስከ 1987 ቆየ፣ በዛን ጊዜ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈቀደው ማንዳሪን የሚባለው ዋናው ቻይንኛ ብቻ ነበር፣ የቤታቸውን ቋንቋ ታይዋንኛ ሲያወራ የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር። ይሄን ለተማሪዎችዎ ቢነግሯቸው መጽሐፎቹ ውስጥ አያት በአንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤቱ በሌላ፣ ልጅቷ ደሞ በእንግሊዝኛ ለምን እንደሆነ ይገባቸዋል። ታይዋኖች አሜሪካ በብዛት መሄድ የጀመሩት ከ1965ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በኋላ ነው፣ ብዙዎቹ ለማስተርስና ለዶክትሬት የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ፣ ልጆቻቸው እዛ ተወለዱ። አሜሪካ በቻይንኛ ስሟ ቃሉ ቢፈታ «ውብ ሀገር» ማለት ነው፣ ይሄን ብቻ ሰሌዳ ላይ ጽፈው አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ሊያወያዩበት ይችላሉ።

ማንበብ ለማይወዱት በሥዕል የተሠራ አንድ አለ፣ ሊሊ ላሞት ጽፋው አን ሹ የሣለችው፣ በ2020 የወጣ። ሲሲ የምትባል የ12 ዓመት ልጅ ከታይዋን ወደ ሲያትል ትሄዳለች፣ አያቷ «አማ» ግን እዛው ቀርታለች። የአማ 70ኛ ልደት እየደረሰ ነው፣ ለአውሮፕላን ትኬት ብር የለም፣ ስለዚ ሲሲ የልጆች የምግብ ዝግጅት ውድድር ውስጥ ትገባለች። ችግሩ የምታውቀው ከአማ የተማረችውን የታይዋን ምግብ ብቻ ነው። ልጆቹ ሥዕሉን ያያሉ፣ ምግቡን ያያሉ፣ ሳያውቁት አንብበው ይጨርሱታል። ከአያታቸው ተለይተው ያደጉ፣ እናታቸው ቤሩት ወይ ዱባይ የሆነች ልጆች ክፍልዎ ውስጥ ካሉ ደሞ ስልኩ ላይ የሚያወሩበትን ገጽ ሲያነቡ ትንሽ ጊዜ ይስጧቸው።

ጥያቄ፦ ሃይ፣ 22 ዓመቴ ነው፣ ተወልጄ ያደኩት ዳላስ ነው፣ አማርኛ መጻፍ የተማርኩት ትልቅ ሆኜ ስለሆነ ስህተት ካለ ይቅርታ። የልጆች መጽሐፍ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን ስጀምር ሁሉንም ነገር ማስረዳት ውስጥ እገባለሁ፣ እንጀራ ምንድነው፣ ቡና እንዴት ይፈላል፣ ገጹ ያልቃል ታሪክ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አማርኛሽ ያምራል፣ ይቅርታ አያስፈልገውም።

ማስረዳቱን ተዪው። ከላይ ያነሳኋት ግሬስ ሊን በ1999 ያወጣችው የመጀመሪያ መጽሐፏ ስለ መልከ ጥፉ አትክልቶች ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ደጁ ላይ አበባ ይተክላል፣ የልጅቷ እናት ደሞ የቻይና አትክልት። ልጅቷ ታፍራለች፣ ለምን እንደሰው አበባ አንተክልም ትላለች፣ እናት ይሄ ይሻላል ብቻ ነው የምትላት። አትክልቱ ይደርሳል፣ እናት ሾርባ ትሠራለች፣ ሽታው አጥሩን አልፎ ይሄዳል፣ ጎረቤቶቹ አበባቸውን ይዘው በሾርባ ሊለውጡ በር ላይ ይቆማሉ። በቃ ይሄ ነው። ባህላችን እንዲህ ነው የሚል ዓረፍተ ነገር ታሪኩን አልተሸከመውም፣ የተሸከመው ሽታው ነው። ልጅቷ ያፈረችበት ነገር መጀመሪያ ላይ አለ፣ ያው ነገር መጨረሻ ላይም አለ፣ በመሃል የተለወጠችው እሷ ነች።

አንቺም ልጅ ሆነሽ ያፈርሽበትን አንድ ነገር ፈልጊ፣ አንድ ብቻ። የእናትሽ ነጠላ ሊሆን ይችላል፣ መኪና ውስጥ የምትከፍተው መዝሙር፣ በሩ ላይ ጫማ አውልቁ ማለቷ። የአማርኛውን ቃል እንዳለ አስገቢው፣ በቅንፍ አትተርጉሚ፣ ልጅ ከዙሪያው ይረዳዋል፣ «አማ» የሚለውን የሲሲ አንባቢዎች ማንም ሳይተረጉምላቸው አያት ማለት እንደሆነ ያውቁታል። ስለ እንጀራ መጻፍ ካለብሽም ምን እንደሆነ አትንገሪን፣ ጓደኛሽ ቤት መጥታ ሹካ ስትጠይቅ እናትሽ ምን እንዳለች ንገሪን። ያንን ካላስታወሽ ደሞ ዛሬ ደውለሽ ጠይቂያት፣ እሷ አትረሳውም። የመጀመሪያውን ሁለት ገጽ ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አነበዋለሁ።