ሳሙራይና ኢትዮጵያዊ ፈረሰኛ ቢገጥሙ

ሁለቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያለ ጠመንጃ አንድ ለአንድ ቢገናኙ ማን ያሸንፋል ላሉት፣ በእኔ ግምት በሰፊ ሜዳ ላይ የጃፓኑ ተዋጊ ሳሙራይ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ከሁለት ሜትር በላይ በሚረዝመው ደጋኑ ከፈረስ ላይ ፍላጻ ስለሚሰድ፣ የእኛ ሰው ጦሩን ለመወርወር ሳይቀርብ ፈረሱ ሊመታበት ይችላል።

ከቀረበ ግን ፍርዴን እለውጣለሁ። እኔ በምኖርበት በሱሉልታ ጉግስ ሲጫወቱ እንዳየሁት፣ ተሳዳጁ ፈረሱን ሽምጥ እየጋለበ ወደ ኋላ ዞሮ የተወረወረበትን ዘንግ በጋሻው ይመክታል። የድሮው ፈረሰኛችን እርካቡን የሚረግጠው በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ነበር፤ ሳሙራይ ግን ሙሉ እግሩን በሰፊ እርካብ ላይ ያሳርፋል፤ ይህም ደጋን ሲስብ ያረጋዋል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ ዘመን አያደባልቁ። እኔ ለተማሪዎች ክርክር ሳዘጋጅ የዓድዋን ዘማች ከሳሙራይ ጋር አጋጥሜ ተሳስቻለሁ። የዓድዋው ዘማች አብዛኛው ጠመንጃ የታጠቀ ሲሆን፣ በጃፓን ደግሞ ሳሙራይ ሰይፍ ታጥቆ እንዳይወጣ የተከለከለው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876፣ ማለትም ከዓድዋ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ነው። «ያለ ጠመንጃ» የሚለውንም በጥያቄዎ ውስጥ በግልጽ ያስቀምጡት፤ በዚሁ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1529 በሽምብራ ኩሬ የኢማም አህመድ ጦር ጠመንጃ ነበረው፣ ጃፓንም በ1543 ከፖርቱጋሎች አግኝታዋለች።