አሮጌ መጽሐፍ ፍለጋ አዲስ አበባ ለምትመጣው ወንድሜ

"ከክፍለ ሀገር ነኝ። ለአንድ ቅዳሜ ብቻ አዲስ አበባ እመጣለሁ። አሮጌ የአማርኛ መጻሕፍት የት ልፈልግ? እናንተስ አሁን ምን እያነበባችሁ ነው?" ብለህ ጠይቀሃል። ብዙ ሰው "ለገሃር ሂድ" ብሎህ አልፏል። ልክ ናቸው። ግን ሄደህ ምን እንደምትል ካልነገሩህ ምን ዋጋ አለው? እኔ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፤ መምህር ነኝ። አንተም እንደኔ በደመወዝ የምትኖር፣ ለመጽሐፍ የያዝከው ብር የተቆጠረ ሰው ሳትሆን አትቀርም። ስለዚህ በእኔ የደረሰው በአንተ እንዳይደርስ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልህ።

1. የምትፈልገውን መጽሐፍ ስም አትጥራ። ስም ከጠራህ አለቀልህ። ሻጩ "እሱ እኮ አሁን አይገኝም፤ አንድ ሰው ጋ ሳይኖር አይቀርም፣ ላጣራልህ" ይልና ስልክ ይደውላል። የሚደውለው ከወዲያ ማዶ ላለው ጓደኛው ነው። መጽሐፉ ወዲያው ይመጣል። ዋጋው ግን መንገድ ላይ እጥፍ ሆኖ ነው የሚደርሰው። አንተ ዝም ብለህ ክምሩን አገላብጥ። አንዱን አንሳ፣ ዋጋ ጠይቅ፣ መልሰህ አስቀምጥ። ሌላም እንደዚሁ። የመጣህበትን መጽሐፍ ከሁለት ከሦስት በኋላ እንደ ዘበት አንሳውና "ይሄስ?" በል። ፊትህን መቆጣጠር ካልቻልክ ጓደኛህን ይዘህ ሂድና እሱ ይጠይቅልህ።

2. ጀርባው ላይ በታተመው ዋጋ አትከራከር። በደርግ ጊዜ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያወጣቸውን መጻሕፍት ስታገላብጥ የጥቂት ብር ዋጋ ታያለህ። "ይኸው 3 ብር ይላል እኮ" ያልክ እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ሙድ ይይዝብሃል። ይልቅ ውስጡን ገልጠህ የታተመበትን ዓመት ፈልግ። በተለይ "የመጀመሪያ እትም ነው" ሲሉህ። የበዓሉ ግርማን ልቦለድ፣ ኦሮማይን እንውሰድ። በ1975 ዓ.ም. ኩራዝ አሳትሞት ገና መሸጥ ሲጀምር ነው ከገበያ የተሰበሰበው። በዓሉ ግርማም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል። የመጀመሪያውን እትም ነው የያዝኩት የሚልህ ሻጭ ሁሉ ግን የ1975ቱን የያዘ እንዳይመስልህ። ሽፋን አትመን፤ ሽፋን ይለጠፋል። ወረቀቱ በጣም ከነጣ፣ ፊደሉም ጠርዝ ጠርዙ ከደበዘዘ ከኮፒ የታተመ ነው፤ ተወው።

3. ገጹን አንድ በአንድ እይ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አንጀቴን ያሳረረኝ ነገር ያለው እዚህ ነው።

የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት ታውቀዋለህ አይደል? በ1962 ዓ.ም. በአርቲስቲክ ማተሚያ ቤት የታተመውን፣ ያን ግዙፍ መጽሐፍ። ይሄ መጽሐፍ በሀለሐመ አይሄድም። መምህራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ለግእዙ መዝገበ ቃላት የመረጡትን የአበገደ ተራ ነው የተከተሉት። አ፣ በ፣ ገ፣ ደ ይላል። (የኪዳነ ወልድንም መጽሐፍ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ፣ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት እኚሁ ደስታ ናቸው። እንዲህ ያለ ተማሪ ለኔም በሰጠኝ።) ይሄን የማያውቅ ሰው መጽሐፉን ከፍቶ ሀን ሲያጣ ፊቱ የተገነጠለ ይመስለዋል።

መጽሐፉን ባገኘሁበት ሱቅ ለወንድሙ የሚጠብቀው ልጅም የመሰለው ይኸው ነው። ሽፋኑና መግቢያው በእርግጥ የሉም። ከዚያ በቀጥታ አ ይጀምራል። ልጁ ሐቀኛ ነው፤ "ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ይሄ ሀለሐመው በሙሉ ተቀዷል። 800 ብር ይስጡኝና ይውሰዱት" አለኝ። ልንገረው አልንገረው ብዬ ተጨንቄ ነበር ብልህ ደስ ይለኝ ነበር። አልተጨነቅኩም። ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት። ሌላ ቦታ ስንት ሲጠሩብኝ እንደኖሩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከመክፈሌ በፊት ግን እዚያው ቆሜ ገጹን ቆጥሬያለሁ። መ ላይ ስደርስ 16 ገጽ የለም። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ትልቁ ወረቀት እየታጠፈ በክር ነው የሚሰፋው። ክሩ ሲበጠስ አንዱ እጥፋት እንዳለ ሾልኮ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሲጎድል አንድና ሁለት ገጽ አይጎድልም። አውቄ ነው የገዛሁት። ሌላ ቅጂ ካለበት ቤተ መጻሕፍት ሄጄ 16ቱን ገጽ ፎቶ ኮፒ አንስቼ አስጠርዘዋለሁ ብዬ ነው። ምን ችግር አለው?

ችግሩን ልንገርህ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉ እንዳለው አረጋገጥኩ። በር ላይ ጥበቃው "ከየት ነው?" አለኝ። ከደብረ ብርሃን። "ከየትኛው መሥሪያ ቤት?" መምህር ነኝ። "ደብዳቤ አለህ?" የለኝም። "ደብዳቤ ይዘህ ና።" እሺ፣ ሕግ ነው ብዬ ተመለስኩ። ርዕሰ መምህራችን እየሳቀ ጻፈልኝ፤ ማኅተም አደረገበት። 130 ኪሎ ሜትር ተመልሼ መጣሁ። ውስጥ ያለችው ሠራተኛ ደብዳቤውን አየችው። "ይሄ እኮ ለሚመለከተው ሁሉ ይላል። ለእኛ ተብሎ ነው መጻፍ ያለበት።" እናንተስ አይመለከታችሁም? አልኳት። አልሳቀችም። ደግሜ ደብዳቤ አጽፌ ስመጣ ደግሞ የሚፈርመው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተፈረመ። ደስ ብሎኝ ወደ ኮፒ ክፍል ስሮጥ የማሽኑ ቀለም አልቋል። በስልኬ ፎቶ ላንሳ? ክልክል ነው። በእጄ ልገልብጥ? እሱ ይቻላል፤ ግን 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። አሁን 10 ተኩል ነው።

ያቺ ሴትዮ ከንፈሯን መጠጥ ብታደርግ እንኳ ይቅር እላት ነበር። "ለ16 ገጽ ነው ይሄ ሁሉ?" ነው ያለችኝ። ከ16 ገጹ ይልቅ እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሀብት ሁሉ የተሰበሰበው እንደኔ ለ16 ገጽ በሚንከራተት ሰው አይደል እንዴ?

ስለዚህ ምክሬ፣ ቅዳሜህን በቤተ መጻሕፍት በር ላይ አትጨርስ። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጋ ቁጭ በል። አንድ ሻጭ ምረጥና ደንበኛው ሁን። ትንሽም ቢሆን ከእሱ ግዛ፤ ስልኩን ያዝ። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው። ሁልጊዜ የምገዛበት ሰው ጋ ቆሜ ብሶቴን ስናገር፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ የሚያገላብጡ አንድ ጡረተኛ ሰምተውኝ ኖሯል። "መጽሐፉ እኔ ጋ አለ፤ ነገ ቤት ና" አሉኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቁም። በነጋታው ቡና አስፈልተው ጠበቁኝ። 16ቱን ገጽ በስልኬ አነሳሁ። እንዲያውም ሽፋኑንና መግቢያውንም ጨመርኩ። ደብረ ብርሃን አሳተምኩት፤ ጠራዡ ጋ ወሰድኩት፤ ጨርቅ ለብሶ መጣ። አሁን ከመደርደሪያዬ ላይ ቆንጆው እሱ ነው። ለማንም አላውሰውም፤ አትጠይቀኝ።

ቁጥር አራት ምን ነበር? አዎ፣ ቦታ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ጀምር፤ በእግርህ ይያያዛል። 4 ኪሎ ለመማሪያ መጻሕፍት ይሻላል። መርካቶ ጊዜ ካለህ ብቻ፤ ለአንድ ቅዳሜ አይሆንም። የድሮውን ፒያሳ አስበህ ከሆነ እርሳው። በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ እዚያ የማውቃቸውን ሰዎች ያገኘኋቸው በቴሌግራም ነው። የእግረኛ መንገድ ላይ ዘርግተው ይሸጡ ከነበሩትም ብዙዎቹ ኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ተነስተዋል። ቴሌግራም ላይ ሲሸጡልህ የመካከሉን ገጽ በቪዲዮ እንዲያሳዩህ ጠይቅ። መጽሐፉን በእጅህ ሳትይዝ በቴሌብር ብር አትላክ። "ፒዲኤፉ አለኝ፣ ልላክልህ?" የምትሉኝም እባካችሁ ተዉኝ። እኔ ስለ መጽሐፍ ነው የማወራው።

አሁን ምን እያነበብኩ ነው? ሁለት ነገር። ማታ ማታ ይሄንኑ መዝገበ ቃላት። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ "አባዬ፣ መጨረሻው ምን ሆነ?" ይሉኛል። አንድ ቃል ልፈልግ እገባና ምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ የአገር ስሙ፣ የዕፅዋት ስሙ እየጎተተ ሦስት አራት ገጽ ይወስደኛል። ሌላው "ነገም ሌላ ቀን ነው" የሚለው መጽሐፍ ነው። ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው የማርጋሬት ሚሼል ልቦለድ። ታሪኩን ሁሉም ይነግርሃል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ወረቀት የሌለው ሰው ቃል ይቆጥባል ብለህ ትጠብቃለህ። እሱ አንድም ቦታ አልቆጠበም። ንግግሩ ሁሉ እንደ ሰፈር ሰው ንግግር ይፈስሳል። ካገኘኸው አትለፈው። ስሙን ግን አትጥራ።

የመመለሻህን ነገር አስብበት። ወደ እኛ መስመር ከሆንክ መናኸሪያው ላምበረት ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሰልፉ አይጣል ነው። መጽሐፉን ሻንጣ ውስጥ አድርገህ ከላይ አታስጭን፤ እቅፍህ ላይ ይዘኸው ተቀመጥ። በመንገድህ በደርግ ጊዜ ሞስኮ ውስጥ በአማርኛ የታተሙ የልጆች መጻሕፍት ካየህ ደግሞ ደውልልኝ። ብሩን እልክልሃለሁ፤ አንተ ብቻ ጠንክረህ ተከራከርልኝ።