ለባርቤል የተንሳፋፊ ዘንግ ስትመርጥ፣ ከርዝመቱ በፊት አጎባበጡን እይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «ባርቤል የሚባለውን ዓሣ ወንዝ ላይ በተንሳፋፊ (ውሃ ላይ ሆኖ ዓሣ ሲነክስ በሚሰምጠው ምልክት) ለማጥመድ፣ የእርሳስ ክብደት ወለል ላይ አስቀምጬ የማጠምድበት የ11 ጫማ ዘንጌ ይበቃኛል ወይስ ሌላ ልግዛ?» የሚል ነው። ለመጀመር ይሆንሃል። ነገሩ ከያዘህ ግን ባለ 13 ጫማ መግዛትህ አይቀርም። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። በተንሳፋፊ ስጀምር የያዝኩት ለትንንሽ ዓሣ የተሠራ፣ ውድድር ላይ የሚያዘወትሩት ዓይነት ቀጭን ዘንግ ነበር። እጅ ላይ ላባ ነው። ክሩም ከ1.4 ኪሎ በላይ አይችልም። አንድ ቀን ተንሳፋፊው ስምጥ አለ፣ ዘንጉን ቀና አደረግሁ፣ ከዚያማ ጉድ ነው! ዘንጉ እስከ እጀታው ጎበጠ፣ ዓሣው ግን ንቅንቅ አላለም። ባርቤል እንዲህ ነው። ሆዱ ጠፍጣፋ፣ የደረቱ ክንፎች ሰፋፊ ስለሆኑ ወራጅ ውስጥ ወለሉ ላይ ተለጥፎ መቆም ያውቅበታል። ሃያ ደቂቃ ታግዬ አወጣሁት። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ስለቀው ግን በጎኑ ተኛ። ፊቱን ወራጁ ወደሚመጣበት አዙሬ፣ በሁለት እጄ ደግፌ፣ ጉልበቱ እስኪመለስ ብዙ ቆየሁ። ደግነቱ ዳነ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ስለሚቀንስ፣ በበጋ እንዲህ ያለ ረጅም ትግል ዓሣውን ሊገድለው ይችላል። ቀጭን ዘንግ «ስፖርት ነው» የሚሉኝን ከዚያ ወዲህ አልሰማቸውም።

ታዲያ ጠንካራ ዘንግ ይሻላል ማለት ነው? እሱም አይደለም። ጫፉ ደረቅ የሆነ ዘንግ ትንሽ መንጠቆን ከዓሣው አፍ ነቅሎ ያወጣል፣ ወይም የመጀመሪያው ሩጫ ላይ ክሩን ይበጥሳል። የምትፈልገው ጫፉ ለስላሳ ሆኖ፣ ኃይል ሲበዛበት መሐሉ ላይ የሚጠነክርና እዚያ የሚቆም ዘንግ ነው። ሻጩን ፍቀድልኝ በለው። ክር አሳልፈህ ጓደኛህ ጫፉን ይያዝልህና ቀስ እያልክ ሳብ። በትንሽ ኃይል ጫፉ ብቻ መጎንበስ አለበት። ስትጨምር ጉብጠቱ ወደ መሐል ይወርዳል። እጀታው አጠገብ ደርሶ አሁንም መጎንበሱን ካላቆመ ለሻጩ መልሰው። የኔ የቀድሞው እንደዚያ ነበር።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውንም እይ። የተንሳፋፊ ዘንግ ላይ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው ክር ይጻፋል። ለባርቤል ከ5 እስከ 8 ፓውንድ አካባቢ የሚል ደስ ይለኛል። እኔ ዋናውን ክር 6 ፓውንድ፣ ማለትም 2.7 ኪሎ ገደማ አደርጋለሁ። መንጠቆው የታሰረበትን የክር ቁራጭ ጥንካሬ ትንሽ አሳንሳለሁ። ከተበጠሰ ዓሣው ተንሳፋፊና እርሳስ ሲጎትት እንዳይኖር ነው። አንዳንድ ዘንግ ላይ ደግሞ እንደ 1.25 ፓውንድ ያለ ቁጥር ታያለህ። ጫፉን ከእጀታው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እስኪሠራ የሚያጎብጠው ክብደት ነው። 1.25 ለተንሳፋፊም ያገለግላል። 1.75 ግን ለከባድ እርሳስ ነው።

አሁን ርዝመት። ተንሳፋፊው ከወራጁ ጋር ሲሄድ፣ በዘንጉ ጫፍና በእሱ መካከል ያለው ክር ውሃ ላይ ከተኛ ወራጁ ይጎትተዋል፣ ምግቡም ከመስመሩ ይወጣል። ባርቤል ደግሞ አፉ ወደ ታች የዞረ የወለል ዓሣ ነው። ምግቡ ወለሉን እየነካካ ካልሄደ ብዙ ጊዜ አይነካውም። ረጅም ዘንግ ክሩን ከውሃው ያነሳልሃል፣ ተንሳፋፊውን ያዝ አድርገህ ለማዘግየትም ይመቻል። ሌላም አለ። ተንሳፋፊው ክሩ ላይ ተጣብቆ የሚቆም ከሆነ፣ ከዘንጉ ርዝመት የጠለቀ ውሃ ላይ መጣል ፈተና ነው።

ታዲያ 15 ጫማ ለምን አልገዛም ትል ይሆናል። ገዝቼ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ክንዴ ዛለ። ነፋስ ሲነሳ ጫፉ ይዋልላል፣ ዛፍ ካለም ቅርንጫፍ ስትፈታ ትውላለህ። ደግሞ ዘንግ በረዘመ ቁጥር ዓሣው ባንተ ላይ የሚያገኘው ጉልበት ይጨምራል። ዓሣው ውሃ ውስጥ ወዳሉ የዛፍ ሥሮች ሲሮጥ ዘንጉን ወደ ሰማይ አታንሳ፣ ዝቅ አድርገህ ወደ ጎን ሳብ። ለእኔ 13 ጫማ፣ ማለትም 4 ሜትር ገደማ፣ ልኩ ነው። ወንዙ ሰፊና ጥልቅ ከሆነ 14።

ክሩ የሚያልፍባቸውን የዘንጉን ቀለበቶች ሰዎች ይንቋቸዋል። ብዙና ከዘንጉ ራቅ ብለው የቆሙ መሆን አለባቸው። እርጥብ ክር ዘንጉ ላይ ሲለጠፍ ተንሳፋፊው በነፃ አይሄድም፣ ዝናብ ቀን ደግሞ ያናድዳል። የዘንጉን ክብደት ስትለካም ማጠንጠኛህን (ክሩ የሚጠቀለልበትን) አስረህ ለካ። ዘንጉን ቀኑን ሙሉ በእጅህ ነው የምትይዘው፣ ድጋፍ ላይ አታስቀምጠውም። ጫፉ ወደ ፊት የሚደፋ ከሆነ በወረቀት ላይ ቀላል መሆኑ አይጠቅምህም።

የ11 ጫማውን ግን አትሽጠው። ወንዙ ሞልቶ ቅርንጫፍና ቅጠል እያግተለተለ ሲወርድ ተንሳፋፊ አይሠራም፣ ያን ቀን ይፈለጋል።