ብፌው ውስጥ የቆየው ወተት

በ2017 ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ እናቴ ቤት ሄድሁ። ቡናው እስኪፈላ ብፌውን ከፈትሁ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ቆሟል። ለእህቴ የመጀመሪያ ልጅ እኔ ራሴ የላክሁት ነው። አልተከፈተም። እናቴ ለሚቀጥለው ልጅ ብላ አስቀምጣዋለች። እህቴም በዚያ ሰሞን ሁለተኛዋን ወልዳ አራስ ነበረች። ጣሳውን ገልብጬ አየሁት። 2021 ይላል።

«እማ፣ ይኼ እኮ ጊዜው አልፏል» አልኋት።

«ኧረ ሆዴ፣ ገና አራት ዓመት አለው!»

እናቴ ቁጥሩን በትክክል አንብባለች። ያነበበችው ግን በሀገሯ ዘመን ነው። 2017 ላይ ለተቀመጠ ሰው 2021 ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ዕቃ እየላክሁ አንድ ቀን እንኳ ይህን አላሰብሁም።

ስለዚህ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ለወላጆቻችሁ የምትልኩት የታሸገ ምግብና መድኃኒት ላይ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት። በማይለቅ ማርከር፣ በትልቁ። ዕቃው 31 ዲሴምበር 2026 የሚል ከሆነ «እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 2019» በሉ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ወር ከቀን እንደሚቀድም አትርሱ። 03/08 አሜሪካ ውስጥ ማርች 8 ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ ኦገስት 3። የአምስት ወር ልዩነት ነው።

የሕፃን ወተት ላይ ቀኑ ካለፈ ክርክር የለም፤ ይደፋል። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራሉ ሕግ ቀን እንዲጻፍበት የሚያስገድደው ብቸኛ ምግብ እሱ ነው። ቀኑ ካለፈ በኋላ ሕፃኑ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን በልኩ ስለማግኘቱ ዋስትና የለም። ያ ልጅ ደግሞ ሌላ ምግብ አይበላም።

ሌላው ምግብ ግን እንደየዓይነቱ ነው። እንግሊዝና አውሮፓ ላላችሁ ሁለት ቃላት አሉ። «ቤስት ቢፎር» ስለ ጣዕሙ ነው የሚያወራው። ፓስታ፣ ሩዝ፣ ብስኩት፣ ያላበጠ የቆርቆሮ ምግብ፣ ደረቅ ቦታ ከቆዩና ማሸጊያው ካልተነካ፣ ቀናቸው ካለፈም በኋላ ይበላሉ። እህል መድፋት ግፍ ነው ተብለን ያደግን ሰዎች እነዚህን ቀኑ አለፈ ብለን ስንጥል ያሳዝነኛል። «ዩዝ ባይ» ግን ስለ ጤና ነው። ጥሬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ተዘጋጅቶ የታሸገ ምግብ ላይ ነው የሚጻፈው። ያ ቀን ካለፈ አትብሉት። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ «ሴል ባይ» የሚለው ለሱቁ የተጻፈ ነው፤ ዕቃውን ከመደርደሪያ መቼ እንደሚያነሳ ይነግረዋል።

ብዙዎቻችን ወደ ቤት የምንልከው እንዲተርፈን ማታ ማታ ቅናሽ የተለጠፈበትን ሥጋ እንገዛለን። እኔም ለዓመታት ገዝቻለሁ። ነውር የለውም። ግን የዚያኑ ቀን አብስሉት፣ አለዚያም ፍሪዘር አስገቡት። ቅዝቃዜው ጀርሙን አይገድለውም፤ እንዳይራባ ብቻ ያቆመዋል። ከፍሪዘር ሲወጣ ካቆመበት ይቀጥላል።

አሁን ወደ አፍንጫ ልምጣ። እናቶቻችን ወጥ መበላሸቱን ከበር ላይ ሆነው ያውቃሉ። እኛም አሽትተን መወሰን ለምደናል። የገማን ምግብ በማሽተት መለየት ይቻላል። አደገኛው ጀርም ግን ብዙ ጊዜ አይሸትም። ሊስቴሪያ የሚባለው ፍሪጅ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይራባል። ሳይበስሉ የሚበሉ የታሸጉ ሥጋዎች፣ ያልበሰለ የጭስ ዓሣና ለስላሳ አይብ ላይ ይገኛል። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ ባለበት ቤት እነዚህን በአፍንጫ አትፍረዱ። ያበጠ ቆርቆሮም ሳይከፈት ይጣል። ለመቅመስ እንኳ አትሞክሩ።

ከጎንደር ይዘን የምንመለሰው ነገር ላይ ደግሞ ጭራሽ ቀን የለም። በርበሬና ሽሮ ገና ትኩሱን ከወፍጮ እንደወጣ ፌስታል ውስጥ አትቋጥሩት። ሙቀቱ ላብ ይሆንበታል፤ እርጥበት ካገኘ ይሻግታል። ትሪ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ ይብረድ። የበርበሬ ሻጋታ እንደ ቀላል አይታይም። አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ መርዙን ደግሞ ወጡን ቀኑን ሙሉ ብታንተከትኩትም አታጠፉትም። የታመቀ፣ የሻጋታ ሽታ ያለው በርበሬ እናት የደከመችበት ቢሆንም ይጣል። እንጀራም እንደዚሁ ነው፤ የሻገተውን ቦታ ቆርሶ የቀረውን መብላት አይሆንም። ነጠብጣቡ እዚያ ጋ ቢታይም ሥሩ ውስጥ ውስጡን ሄዷል። ማር ዓመታት ቢቆይ አይበላሽም፤ ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን አይሰጥም።

ቋንጣ ወደ አሜሪካ ማስገባት ክልክል ስለሆነ አትድከሙ። ቅቤ የምትወስዱ የተነጠረውን ውሰዱ። ውኃው ስለወጣለት ነው የሚቆየው። በእርጥብ ማንኪያ ከጨለፋችሁበት ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

የዚያን ቀን ወተቱን እኔው ደፋሁት። እናቴ አጠገቤ ቆማ «የልጄ ላብ» እያለች ነበር። ጣሳውን ግን አልሰጠችኝም። አጥባ ፀሐይ ላይ አደረቀችው። አሁን የቅቤ ኮሰረቷን ታስቀምጥበታለች።