እናቴን እያስታመምኩ ቅዳሴ ቀረብኝ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅማ ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት ሦስት ዓመት ሆነ። ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም። ማጠቡም ማብላቱም ዳይፐር መቀየሩም በእኔ ነው። ወንድሞቼ አዲስ አበባ ናቸው። በየወሩ በቴሌብር ብር ይልካሉ፤ ሲደውሉም «አንቺ እኮ ጽድቁን ጠቅልለሽ ወሰድሽው» ይሉኛል። እኔ ግን ካስቀደስኩ ወራት አለፉኝ። ከጽዋ ማኅበሬም ቀርቻለሁ። ልብሴ ሁሌ ሽንት ሽንት የሚል ይመስለኛል። ሐኪም ስላዘዘላት በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል እሠራላታለሁ። እጄ ፍስክ ሲነካ እየዋለ ጾሜ ጾም ይባላል? ከሁሉ የከበደኝ ግን መሰልቸቴ ነው። በቀደም ሌሊት ሦስቴ ስትቀሰቅሰኝ ጮኽኩባት። አንዳንዴም «ምነው ባረፈች» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። እሷ ስሜን እንኳ ትረሳለች፤ አቡነ ዘበሰማያትን ግን አንዲት ቃል ሳትስት ትደግማለች። የምታግዘኝ ጎረቤቴ ሙስሊም ናት። በዚህም የሚተቹኝ አሉ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀላሉ ልጀምርልሽ።

የታመመ ሰው በጾም ሕግ አይያዝም። የእናትሽን ነገር የንስሐ አባታችሁ ይወቁት፤ ያ ይበቃል። አንቺም ወተት በማፍላትሽ፣ እንቁላል በመቀቀልሽ ጾምሽ አይፈርስም። ጾም የሚፈታው በመብላት እንጂ ለሌላ ሰው በመሥራት አይደለም። ጨው መቅመስ ካስቸገረሽ እሷው ትቅመሰው፤ ጎደለ ካለች ትጨምሪያለሽ። ስለ ሽታውም አትሳቀቂ። ታጥበሽ፣ ነጠላሽን አጣፍተሽ ነዪ። የእናትን ገላ ማጠብ ሰውን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚመልስ ርኩሰት አይደለም። ደግሞ የጅማ ክረምት የማንንም ልብስ እንደ ልብ አያደርቅም። በሐምሌ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ እንሸታለን።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ።

«ቅዳሴ ቀረብኝ» ማለትሽ ራሱ ደስ አሰኝቶኛል። ቅዳሴ የናፈቀው ሰው ቅዳሴን አልተወም። አንዳንዱ እኮ በየሳምንቱ ቆሞ እያስቀደሰ ልቡ ገበያ ነው። ያንቺ እግር እናትሽ አልጋ ሥር ሆኖ ልብሽ መቅደስ ነው። ይሁን እንጂ «ማስታመምሽ ቅዳሴ ነውና ቤትሽ ተቀመጪ» ብዬ አልሸኝሽም። እንዲህ የሚሉ አሉ። ነገሩ ሲሰማ ያምራል፤ አስታማሚን ግን ከነድካሟ ብቻዋን በር ዘግቶ ይተዋታል።

በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ጌታችን ፈሪሳውያንን ሲገሥጽ ታገኚዋለሽ። ሰውየው አባት እናቱን የሚጦርበትን ገንዘብ «ቁርባን ነው» ይላል። ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል ማለቱ ነው። በዚህች አንዲት ቃል ከመጦር ነፃ ይወጣል። ጌታ ግን ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር አለው። ልብ በይ፣ መባ መስጠትን አልነቀፈም። መባውን ከእናቱ መሸሸጊያ ያደረገውን ሰው ነው የነቀፈው። አንቺ አልሸሸሽም።

ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረ የቂሣርያ ጳጳስ ነው። በ369 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ገደማ በሀገሩ ረሀብ ገባ። ባለጠጎቹ ጎተራቸውን ቆልፈው ዋጋ ይጠብቁ ነበር። እሱ በስብከት ጎተራውን አስከፈታቸው፤ ራሱም አሸርጦ ድሆችን አበላ። ኋላ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ለድሆች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ማረፊያ አሠራ። ሰው የሚሸሻቸውን ለምጻሞች ቀርቦ ይስማቸው እንደነበር ወዳጁ ጎርጎርዮስ ጽፎልናል። ሲቀድስና ቁስለኛ ሲያስታምም ሁለት ሰው አልሆነም።

በገዳም ታሪክ ደግሞ ሐምሌ 8 ቀን የምናስበው አባ ብሶይ አለ፤ የግብፅ በረሃ መነኩሴ ነው። ጌታ በተራራው ላይ ሊገለጥ ነው ተብሎ መነኮሳቱ ሁሉ ወደዚያ ይሮጣሉ። መንገድ ላይ አንድ የደከመ ሽማግሌ ተቀምጧል። «ውሰዱኝ» ቢል ማን ይስማው? ሁሉም ለጌታ ቸኩሏል። አባ ብሶይ ግን ሽማግሌውን አዝሎ አዘገመ። የታዘለው ማን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እነዚያ ቀድመው ተራራ የወጡት ጌታን በመንገድ ጥለውት ነበር የሄዱት።

ይህን ታሪክ ሳስተምር ሁሌ የራሴ ነገር ትዝ ይለኛል። ወጣት ዲያቆን ሳለሁ፣ እዚሁ ጅማ፣ በአንድ በዓል ዋዜማ ለማኅሌት እየሮጥኩ ነበር። ዝናብ ነው። አንድ ሆስፒታል በር ላይ ከዳውሮ በሽተኛ ይዞ የመጣ አስታማሚ የመድኃኒት ወረቀት ዘርግቶ አስቆመኝ። አማርኛው የተሰባበረ ነው። እስከ ማታ የሚከፍት መድኃኒት ቤት ፈልጎ ነው። «ስመለስ አሳይሃለሁ» አልኩት። በጥዋት ስመለስ ማን ይጠብቀኛል? በዚያ ሌሊት ድምፄ አምሮልኝ ነበር፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ያለውን የፍርድ ቀን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። «ተርቤ አብልታችሁኛልና፣ ተጠምቼ አጠጥታችሁኛልና» እያለ ይወርዳል። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ያልፈናል። «ታምሜ ፈውሳችሁኛልና» አላለም። «ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» ነው ያለው። መፈወስ የእሱ ነው። ከእኛ የተፈለገው አጠገቡ መገኘት ነው። እናትሽ አልተሻላትም ብለሽ የሦስት ዓመት ልፋትሽን እንደ ባከነ አትቁጠሪው።

ሌላም አለ። ጻድቃኑ ሲመሰገኑ ደነገጡ። «ጌታ ሆይ፣ ተርበህ አይተን መቼ አበላንህ?» አሉ። አልቆጠሩም ማለት ነው። የራበው ሰው አዩ፤ አበሉ፤ ረሱት። ለዚህ ነው የወንድሞችሽ «ጽድቁን ወሰድሽው» የምትለዋ ንግግር የማትመቸኝ። እናት እኮ የጽድቅ ቁጠባ ደብተር አይደለችም። አሮጊቷን የምታገላብጪያት ነጥብ ለመሰብሰብ ከሆነ እሷ ዕቃ ሆነች ማለት ነው። የምታገላብጪያት ጎኗ ስለሚቆስል ነው። እንዲሁ፣ እሷ ስለሆነች። ደግሞ ጽድቅ እንደዚያ ከረከሰ ምነው እነሱ ድርሻቸውን አልፈለጉም?

ወደ ድካምሽ ልምጣ። ሦስቱን ነገር አታደባልቂው፤ ድካም፣ ሐሳብና ድርጊት ይለያያሉ።

ድካም ኃጢአት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» ብሎ ከዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር። መልአኩ ስብከት አልሰበከለትም፤ አልተቆጣውምም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። በልቶ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀሰቀሰው፣ ደግሞ አበላው። የመጀመሪያው ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ነው። እንቅልፍና ምግብ ለነቢይ ካስፈለገው ላንቺም ያስፈልግሻል።

«ምነው ባረፈች» የሚለው ሐሳብ ብዙ አስታማሚ በልቡ የሚያውቀው፣ ለማንም የማይናገረው ነው። አንቺ ስለተናገርሽው ሌሎችም ይህን ሲያነቡ ቀለል ይላቸዋል። ሐሳብ በር ያንኳኳል። ማንኳኳቱ በደል አይደለም። በርጩማ ስበሽ «ተቀመጥ» ካልሽው ግን ይከርማል። ሲመጣ «አቤቱ፣ የእሷን ጊዜ አንተ ታውቃለህ፣ ለእኔ ጉልበት ስጠኝ» በይና ወደ ሥራሽ ተመለሺ።

መጮህሽ ግን በደል ነው። አልደብቅሽም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪ። ከዚያ በፊት ግን እናትሽን ይቅርታ ጠይቂ። «ትረሳዋለች እኮ» እንዳትይኝ። ብትረሳውም የተጮኸባት እሷ ናት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 3 ስለ አረጀ አባት ሲናገር «አእምሮው ቢደክም እንኳ ታገሠው፤ አንተ ብርቱ ስለሆንክ አትናቀው» የሚል ምክር ይሰጣል። ጠቢቡ አእምሮ እንደሚደክም ያውቅ ነበር። ስምሽን ስትረሳ አትፈትኛት። «እኔ ማን ነኝ? እስኪ ንገሪኝ» እያሉ በሽተኛን የሚያስጨንቁ ጠያቂዎች አሉ፤ ከልክያቸው። ገብተሽ ስምሽን ንገሪያት። ልታገላብጫት ስትይ «እማዬ፣ ላዞርሽ ነው» በያት። ገላዋን ስታጥቢ ሸፍነሽ እጠቢ፤ በሩንም ዝጊ። ማታ ማታ ደግሞ አቡነ ዘበሰማያትን እሷ ትምራ፣ አንቺ ተከተያት። በዚያች ሰዓት እሷ እናት፣ አንቺ ልጅ ናችሁ። ያ ለሁለታችሁም ዕረፍት ነው።

ስለ ጎረቤትሽ የሚተቹሽ ሰዎች የሉቃስን ወንጌል ምዕራፍ 10 ደግመው ያንብቡ። ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬ ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጌታ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን ሰው ታሪክ ነገረው፤ ካህኑንም ሌዋዊውንም በመንገዱ ማዶ አሳልፎ አይሁድ የማይተባበሩትን ሳምራዊ አመጣበት። መጨረሻ ላይ «ከሦስቱ ማን ባልንጀራ ሆነ?» ሲባል ሰውየው «ሳምራዊው» ማለት ከብዶት «ምሕረት ያደረገለት» ነው ያለው። እኛ ጅማዎች አዛኑንም ደወሉንም ባንድ ጆሮ እየሰማን ያደግን ነን። ሥጋ ባንካፈልም ቡና ተነፋፍገን አናውቅም። እናትሽን ገንፎ የምታጎርስ ሴት ስትገባ «ሃይማኖትሽ?» የሚል ካለ እሱ ራሱ ስንት ቀን መጥቶ አጉርሷል?

እዚሁ ታሪክ ላይ የማትረሺው ነገር አለ። ሳምራዊውም ብቻውን እስከ መጨረሻ አላስታመመም። ቁስሉን አሰረ፣ በአህያው ጫነ፣ አንድ ሌሊት አደረ። በማግስቱ ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጥቶ «ጠብቀው፣ የምትከስረውንም ስመለስ እከፍልሃለሁ» ብሎ ሄደ። እርዳታ ጠየቀ፤ ሸክሙን አካፈለ። ለወንድሞችሽ ይህን አንብቢላቸው። እነሱ ዲናሩን ልከዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። «ስመለስ» የምትለዋ ቃል ግን ቀርታለች። ዲናር ሌሊት አይነሳም። ለፋሲካ አንዱ ሁለት ሳምንት ይምጣ፣ ለፍልሰታ ሌላው። ዳይፐር መቀየር አያውቁም ከሆነ አስተምሪያቸው፤ እነሱም የተቀየረላቸው ናቸው።

ለጽዋ ማኅበርተኞችሽም ልንገራቸው። በመጀመሪያው ወር ቤትሽ ጠያቂ ሞልቶት እንደነበር እገምታለሁ። ብርቱካኑ፣ ጁሱ፣ «እግዚአብሔር ይማራት»ው። ከዓመት በኋላስ? እኛ ሰዎች ለለቅሶ ጎበዞች ነን። እድሩ ድንኳን ተክሎ ሦስት ቀን ያድራል። በሕይወት ላለችው ሕመምተኛ ግን ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ይጠፋል። እሑድ ጠዋት አንዲት ማኅበርተኛ በተራ ብትቀመጥላት አንቺ አስቀድሰሽ ትመለሻለሽ። አሥራ ሁለት ሆነው ከተካፈሉት ለእያንዳንዷ በሦስት ወር አንድ ጊዜ ነው የሚደርሳት። ይህን አፍሮ አለመጠየቅ ትሕትና እንዳይመስልሽ። «ሰው ላስቸግር አልፈልግም» የምትለው ነገራችን ብዙ ጊዜ ኩራት ናት።

አምላካችን ራሱ በመስቀል ላይ ሆኖ፣ ያ ሁሉ ሕማም እያለበት፣ የእናቱን ነገር አልዘነጋም። ዮሐንስን «እነኋት እናትህ» አለው። ዮሐንስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት።

እንግዲህ ለጊዜው የሚቀጥለው እሑድ ይኸውልሽ። ከሰንበት ትምህርት ቤት ሁለት እህቶችን አነጋግሬያለሁ። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ቤትሽ ይደርሳሉ። አንዷ ነርስ ስለሆነች በሽተኛ ማዞር ታውቅበታለች። አንቺ አስቀድሺ። ከቅዳሴ በኋላ እኔና የንስሐ አባታችሁ ጸበል ይዘን እንመጣለን። ለእናትሽ ጸሎት እናደርጋለን፤ ለሕሙማን ዘይት እየተቀባ ስለሚጸለየው ስለ ጸሎተ ቀንዲልም እንመካከራለን። እናትሽ ከሰዓት የምትተኛበት ጊዜ ካለ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ እንዳንቀሰቅሳት። ጎረቤትሽንም ጥሪያት፤ ቡናው ሲፈላ እሷም ትኑር።