የእንግሊዙ ሌበርና የአካል ጉዳተኞች ድጎማ፦ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አራት ኪሎ ቡና ላይ የጀመርነው ክርክር ስላላለቀ ነው ይሄን የከፈትኩት። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ የእንግሊዝ የሌበር ፓርቲ መንግሥት መጋቢት 2017 ላይ በዓመት ወደ 5 ቢሊዮን ፓውንድ ለማዳን ብሎ የአካል ጉዳተኞችንና የሕሙማንን ድጎማ ልቀንስ አለ፣ የራሱ የምክር ቤት አባላት አመፁበት፣ ትልቁን ክፍል መለሰ። አንድ ነገር ያዙልኝ፦ ፒአይፒ የሚባለው ክፍያ የሥራ አጥ ድጎማ አይደለም። ደሞዝተኛም ያገኛል። አካል ጉዳት ለሚያመጣው ተጨማሪ ወጪ ማገዣ ነው።

የካዛንቺሷ፦ ጋሼ፣ ጸቡ ታዲያ 5 ቢሊዮኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ። እኔ እንደገባኝ ጸቡ አንድ ቁጥር ላይ ነው፣ 4 ላይ። የፒአይፒ የዕለት ኑሮ ክፍያ በነጥብ ነው የሚሰጠው፣ 10 ተግባር አለ፣ ምግብ ማዘጋጀት፣ መታጠብ፣ መልበስ እያለ ይሄዳል፣ ድምሩ 8 ከሞላ ዝቅተኛውን ታገኛላችሁ፣ 12 ከሆነ ከፍተኛውን። የመንግሥት ረቂቅ ሕግ ግን ድምሩ አይበቃም፣ ቢያንስ በአንዱ ተግባር ብቻውን 4 ነጥብ ይኑራችሁ አለ። እህቴን ላሳያችሁ። ሹራቧን ራሷ ታጠልቃለች፣ ሱሪና ካልሲ ግን እናቴ ናት የምታለብሳት፣ ይሄ 2 ነው። ስትታጠብ ከወገብ በታች ሰው ያግዛታል፣ 2። ሽንት ቤት መደገፊያ ብረት ይዛ ነው፣ 2። ምግብ የምትሠራው በልዩ ዕቃ ነው፣ 2። ድምር 8። በነበረው ሕግ በሳምንት 73.90 ፓውንድ (በፈረንጆቹ 2025 ተመን) ይገባታል። በረቂቁ ግን ዜሮ፣ ምክንያቱም አንድም ቦታ 4 የላትም። ሰው ሸሚዝ ቢያለብሳት 4 ነበር፣ ሱሪ ስለሆነ 2። እዚህ ላይ ነው የሰዉ ሆድ የተቃጠለው።

ናቲ፦ ግን ሥራ የማይፈልጉትን ወደ ሥራ ለመመለስ አይደል እንዴ?

መልስ፦ ፒአይፒ የሥራ አጥ ድጎማ አይደለም። ከላይ ጽፌዋለሁ።

የስድስት ኪሎ ተማሪ፦ ሌበር ከ400 በላይ ወንበር ይዞ እንዴት በራሱ ሰው ይሸነፋል?

መልስ፦ በድምፅ አልተሸነፈም፣ እንዳይሸነፍ ሰጥቶ ነው ያለፈው። መጀመሪያ ቪኪ ፎክስክሮፍት ከፓርቲው ተጠሪነቷ ለቀቀች፣ እሷ ተቃዋሚ እያሉ የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ የያዘች ሰው ነች፣ ለዚህ ሕግ ድምፅ መስጠት አልችልም ብላ ነው የወጣችው። ቀጥሎ የሌበር የምክር ቤት አባሏ ሜግ ሂሊየር ረቂቁን የሚያስቆም ማሻሻያ አቀረበች፣ ከ120 በላይ የሌበር አባላት ፈረሙበት። የመንግሥት የራሱ ግምት 250,000 ሰው ተጨማሪ ድህነት ውስጥ ይገባል፣ 50,000ው ሕፃናት ናቸው ይል ነበር፣ ይሄን አንብቦ ማን ዝም ይላል? ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስታርመር መጀመሪያ አሁን የሚያገኙት አይነኩም አለ፣ አልበቃም። ሰኔ 24 ቀን ክርክሩ እየተካሄደ፣ ድምፅ ሊሰጥ ትንሽ ሲቀረው፣ ሚኒስትሩ ስቲቨን ቲምስ ተነስቶ የ4 ነጥቡን አንቀጽ አወጣነው አለ። 335 ለ260 አለፈ። ያም ሆኖ 49 የሌበር አባላት ተቃወሙ።

ፒያሳ ልጅ፦ እኛን ምን አገባን ጋሼ? እዚህ ዊልቸር መወጣጫ ያለው ሕንጻ ስንት አለ?

የካዛንቺሷ፦ አዲሱ የፒያሳ እግረኛ መንገድ እኮ ሰፊ ነው፣ ለዓይነ ስውራን ምልክትም አለው።

ፒያሳ ልጅ፦ መንገዱ ሰፊ ነው፣ ባንክ በር ላይ ስትደርሺ 5 ደረጃ። ባለፈው አጎቴን ከነወንበሩ ለሁለት ተሸክመን ነው ያስገባነው፣ ሰው ቆሞ ሲያይ አንገቱን ደፋ።

ናቲ፦ መጀመሪያ ፓርቲዎቹ ናቸው መጠየቅ ያለባቸው፣ የኛ...

መልስ፦ ስለ እኛ ፓርቲዎች ዛሬ አልገባም፣ ሌላ ቀን። ግን የአጎትህ ነገር አሞኛል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 41 ላይ አካል ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ አለ፣ አቅም በፈቀደ የሚል ታስሮበት። እዚያም የተከራከሩት አቅም በሚለው ቃል ነው። በሉ ወደ እንግሊዝ።

ሄሉ፦ የገንዘብ ሚኒስትሯ ሬቸል ሪቭስ ፓርላማ ውስጥ ያለቀሰችው በዚህ ነው?

መልስ፦ የግል ጉዳይ ነው ተብሏል። ይለፈን።

ዳዊት፦ ከፓርቲው የታገዱትስ?

መልስ፦ ሐምሌ ላይ አራት የሌበር የምክር ቤት አባላት ታገዱ፣ ከተቃወሙት አንዷ ሬቸል ማስኬል አለችበት።

ዳዊት፦ ሁኔታው በአጠቃላይ እንዴት ይታያል?

መልስ፦ እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። የቱ ሁኔታ?

ዳዊት፦ ማለቴ ድጎማው አልተቀነሰም ማለት ነው?

መልስ፦ እሱ ጥያቄ ነው። ተቀንሷል! ሰው ሁሉ ተመለሰ ብሎ ተኛ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለው ሌላ ድጎማ ላይ በሕመም ምክንያት የሚጨመረው፣ በሳምንት 97 ፓውንድ የነበረው፣ ከኤፕሪል 2026 ጀምሮ ለአዲስ አመልካች ወደ 50 እንዲወርድ ተወስኗል፣ በጣም ከባድ ሕመም ካለበት በስተቀር። ነባሮቹ ተጠበቁ፣ ነገ የሚታመመው አልተጠበቀም። እኔ ድል ነው የማልለው ለዚህ ነው። የፒአይፒው ነጥብ ደግሞ ቲምስ ከአካል ጉዳተኞች ጋር ሆኖ እንዲገመግመው ተሰጥቶታል።

ናቲ፦ እና ሥራ ከጀመሩ ፒአይፒው ይቆማል?

መልስ፦ አይቆምም! ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

እመቤት፦ ጋሼ፣ እናቴ ስትሮክ መትቷት ቀኝ እጇ አይሠራም። ወጥ ትሠራለች፣ ሽንኩርቱን ግን እኔ ነኝ የምከትፍላት። እዚያ ብትሆን ስንት ነጥብ ነው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማራት። ሰው የሚያግዛት ከሆነ 4። በአንድ እጅ መክተፊያ ልዩ ዕቃ ገዝተሽላት ራሷ ከቻለች ደግሞ 2። ያ አንቀጽ ቢጸና ኖሮ፣ ሌላ ቦታ 4 ከሌላት፣ መክተፊያውን የገዛሽላት ቀን ክፍያው ይቀርባት ነበር።