ወይን ለመትከል ለምታስቡ የአዳማ ልጆች

ሰሞኑን የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። «ጋሼ፣ ቤተሰባችን መሬት አለው። ወይን ተክለን የራሳችንን የወይን ጠጅ ብንጠምቅስ?» ይላሉ። ዕድሜዬን በፍራፍሬ ሥራ ላይ ስላሳለፍኩ መልሴን እዚህ ልጻፈው። ሐሳቡን አልጠላሁትም፣ እንዲያውም ደስ ብሎኛል። እኔ ግን ከመሬቱ በፊት ቤቱን ነው የምጠይቀው፦ ሦስት ዓመት ምን ትበላላችሁ?

ሐረጓ ለጠመቃ የሚበቃ ፍሬ የምትሰጠው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በኋላም ጠመቃው አለ፣ ማቆየቱ አለ፣ ጠርሙሱ አለ። እስከዚያ ምሰሶው፣ ሽቦው፣ የጠብታ መስኖ ቱቦውና የቀን ሠራተኛው ገንዘብ ይበላሉ። የሚገባ ነገር የለም። የፈረንሳዩ የወይን ጠጅ ኩባንያ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2014 ሪፍት ቫሊ የተባለውን ወይን ጠጁን ለገበያ ሲያወጣ፣ ዝዋይ ላይ ተክሉ ሥር ከያዘ ዓመታት አልፈው ነበር። ትልቅ ኩባንያ ይጠብቃል። እናንተ የምትጠብቁት በማን ገንዘብ ነው? በአባት ጡረታ? በእናት ሱቅ? ይህ መልስ ካላገኘ ችግኝ አትግዙ። መልስ ካለው ደግሞ በትንሽ መሬት ጀምሩ፤ መጀመሪያ ላይ በመስመሮቹ መካከል ቦሎቄ ዝሩበት።

ካስቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ1949 ቦርዶ ላይ 9 ወንድማማቾችና እህትማማቾች የጀመሩት ሥራ ነው። በጆርጂያ አገር ካኼቲ በሚባለው አካባቢ ደግሞ ቤተሰቦች ዛሬም እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ጋን ይጠምቃሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ጥበብ በቅርስነት መዝግቦታል። ስለዚህ ቤተሰብ ወይን ይችላል። የእኛን ቤት የሚያፈርሰው ይሉኝታ ነው። ታናሽ ወንድም ጠዋት ማታ ውሃ ሲለቅ ይውላል፤ «ደመወዜ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ይመስለዋል። አሜሪካ ያለችው እህት ብር ትልካለች። ስጦታ ይሁን፣ ብድር ይሁን፣ ድርሻ ይሁን ማንም አይጠይቃትም። እሷም አትናገርም። የመጀመሪያው ጠርሙስ የተሸጠ ዕለት ሁሉም አፉን ይከፍታል። ያኔ ሽማግሌ ቢቀመጥም ብዙም አይረዳ። የተጻፈ ነገር የለማ!

ጻፉት። ማን ሠራተኛ እንደሆነ፣ ማን ባለድርሻ እንደሆነ፣ አንዱ ልውጣ ቢል ምን እንደሚከፈለው በውል ይቀመጥ። የይዞታ ማረጋገጫው በማን ስም እንዳለ እዩ። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በእጃችሁ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሐረግ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘች አሥርተ ዓመታት ትኖራለች። አባት በሕይወት እያሉ ይህን ማንሳት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ግን አንሱት።

አሁን ወደ ሐረጓ። አውሮፓ ውስጥ ብርዱ ያስተኛታል። ቅጠሏን አራግፋ ትተኛና ሙቀት ሲመጣ እምቡጦቿ አንድ ላይ ይነቃሉ። እኛ ጋ እንደዚያ ያለ ብርድ የለም። ዓመቱን ሙሉ ትለመልማለች። ጫፍ ላይ ያለው እምቡጥ ቀድሞ ይነቃና የታችኞቹን ያፍናቸዋል። አንዲት ሐረግ ላይ አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ዘለላ በአንድ ጊዜ ልታዩ ትችላላችሁ። ለዓይን ያምራል፣ ለጠማቂ ግን መከራ ነው። ስለዚህ የምታስተኟትም የምትቀሰቅሷትም እናንተ ናችሁ። ውሃ ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ትገርዛላችሁ፤ ማለትም ቅርንጫፏን ትቆርጣላችሁ። እምቡጡ እኩል እንዲነቃ ሃይድሮጅን ሳያናማይድ የሚባል ኬሚካል የሚረጩ አሉ። መርዛማ ነው፣ ያለ ጓንትና ያለ መከላከያ ልብስ አይነካም። ከአልኮል ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይብሳል፦ ፊት ይቀላል፣ ልብ ይደልቃል፣ ሰው ይታመማል። ረጭቶ ወደ ግሮሰሪ መሄድ የለም!

ይህ ልፋት ጥቅምም አለው። የለቀማውን ወቅት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። የበሰለ ዘለላ ከሐምሌና ከነሐሴ ዝናብ ጋር ከተገናኘ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ለቀማውን በበጋ አድርጉና ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ግረዙ። ሐረጓ ከተገረዘች እስክትለቀም እንደ ዝርያውና እንደ ሙቀቱ በአብዛኛው ከአራት እስከ አምስት ወር ይወስዳል። የአዳማን ንፋስ ታውቁታላችሁ፤ ኮረብታው ላይ ተርባይን ያስተከለው እሱ ነው። ቅጠሉን ስለሚያደርቅ ሻጋታ ይቀንስላችኋል። ለጋ ቀንበጥ ግን ይሰብራል፣ ሽቦው ላይ ቶሎ እሰሩት። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ ጨዉን ሳታስመረምሩ ፓምፕ አትግዙ። በስምጥ ሸለቆ ውሃ መገኘቱ ብቻ አይበቃም።

ስለ ገበያው ብዙ አልልም። ለአንድ ጠርሙስ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ፍሬ ይሄዳል፣ ከዚያ ተነስታችሁ አስሉ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አውጥቷል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላው መሸጥም ክልክል ነው። ስለዚህ በማስታወቂያ የምትገቡበት ገበያ አይደለም። ትንሽ እርሻን የሚያዋጣት እንግዳ ነው፦ መጥቶ አይቶ፣ ቀምሶ፣ ካርቶን ገዝቶ የሚሄድ። አክሱማይት በተባለው ጣፋጭ የአገር ውስጥ ወይን ጠጅ ያደገ ጠጪ ደግሞ ጣፋጭ ይወዳል። እኔ ደረቁን፣ ስኳር የሌለበትን ያህል የሆነውን እመርጣለሁ፣ ግን ገንዘብ የሚከፍለው እሱ ነው።

እስከዚያው ግቢያችሁ ውስጥ ጥቂት ሐረግ ትከሉ። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ከአዳማ ቅርብ ነው፤ ሂዱና ባለሙያዎቹን አማክሩ። ደብተር ያዙ። ሐረጓ ፍሬ መስጠት ስትጀምር የገረዛችሁበትን ቀን፣ እምቡጡ የነቃበትን፣ ያበበበትንና የበሰለበትን ጻፉ። በሚቀጥለው ዙር በሌላ ወር ግረዙና አወዳድሩ። ባንክ ቤት ብድር ልትጠይቁ ስትሄዱም ያንን ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።